ካሜራው የት ነው የቆመው?

(በረፍት ቀን ስብሰባችን ላይ ከአል ዓይን የመጣ ወንድማችን ያደረገው ንግግር)

ከአል ዓይን እስከዚህ አቡ ዳቢ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዛሬ ግን መንገዱ አጠረብኝ። ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በሹፌርነቴ ነው። አገር ቤት ሳለሁ ካሜራ ማን ነበርኩ። ሠርግ፣ ክሊፕ፣ ሲገኝም ፊልም እቀርጽ ነበር። እዚህ አገር ከመጣሁ ስለ ሙያዬ ተናገር ያላችሁኝ እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

በሚያሳፍረኝ ነገር ልጀምር። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ሠርግ እየቀረጽኩ ነው። ሙሽሪት ከእናቷ ጋር ትስቃለች። ከኋላቸው የቤቱ ሠራተኛ ትሪ ይዛ ቆማ ታያለች። በእጄ ምልክት ሰጥቼ «ዞር በይ፣ ፍሬም ውስጥ ገባሽ» አልኳት። ዞር አለች። ሌሊቱን ሙሉ ስታበስል ያደረችው እሷ ነበረች፤ ቪዲዮው ውስጥ ግን የለችም። ያኔ ምንም አልመሰለኝም። እዚህ መጥቼ፣ ቤተሰቡ ፎቶ ሊነሳ ሲሰበሰብ ስልኩን ተቀብሎ የሚያነሳው እኔ ስሆን ነው ያቺ ልጅ ትዝ ያለችኝ።

ካሜራ ማን ሁለት ነገር ይወስናል። የት ልቁም? ብርሃኑ ማን ላይ ይረፍ? በነዚህ ሁለቱ ማን ሰው ሆኖ እንደሚታይ፣ ማን ዕቃ ሆኖ እንደሚቀር ይወሰናል። በሁለት የቆዩ ፊልሞች ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው የእኛው ነው፤ የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»። ኃይሌ የጎንደር ልጅ ነው። ሎስ አንጀለስ ፊልም ሲማር አብዮቱ በፈነዳበት በ1974 እ.ኤ.አ. አገር ቤት መጥቶ ቀረጸው፤ ለሕዝብ የታየው በ1976 ነው። ካሜራውን የያዘው ኤሊዮት ዴቪስ ይባላል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊ ሜትር የተነሳ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚሄድ ነው። ባለርስቱ ከፍ ካለ ቦታ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጭሰኞቹን ቁልቁል ያያል፣ ይጮህባቸዋል። ካሜራው ግን ከባለርስቱ ጎን ተቀምጦ አይቀርም። ወደ ገበሬዎቹ ይወርዳል፤ ሲነሱ፣ ሲያርሱ፣ ከብት ሲነዱ ሳይቸኩል አብሯቸው ይቆያል። እኛ ሠርግ ስንቀርጽ ሥራውን ቆርጠን ድግሱን እናሳያለን። ይህ ፊልም ሥራውን ራሱን ያሳያል። የእናንተ ሥራ እንዴት እንደሚታይ ታውቁታላችሁ፤ ቤቱ ሲጸዳ የሚታየው ንጹሕ ቤት ነው እንጂ ጎንበስ ያለች ወገብ አይደለችም። ይህ ፊልም በ2006 እ.ኤ.አ. ታድሶ ካን በሚባለው ታላቅ የፊልም ፌስቲቫል እንደገና ታይቷል።

ሁለተኛው የሴኔጋላዊው የኡስማን ሴምቤን «ጥቁሯ ልጅ» ነው፤ የ1966። አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ዲዋና የምትባል ልጅ ዳካር ውስጥ ፈረንሳዮች ቤት ልጅ ትጠብቃለች። ኋላ እነሱ ወዳሉበት ፈረንሳይ ስትሄድ ያው ልጅ ጠባቂ የምትሆን መስሏት ነበር። እዚያ ግን ምግብ ማብሰሉም፣ ማጠቡም፣ ማጽዳቱም ሁሉም እሷ ላይ ወደቀ። የምታየው ባሕር በመስኮት ብቻ ሆነ። ለአሠሪዎቿ ስጦታ የሰጠቻቸው ጭንብል ባዶ ነጭ ግድግዳ ላይ ብቻውን ተሰቅሏል። ካሜራው እሱንም እሷንም በዚያ ነጭ ቤት ውስጥ ሲያሳየን ብቸኝነቷ ያለ ቃል ይገባናል። አፏ ብዙ አይናገርም፤ የልቧን ሐሳብ ግን እንሰማለን። ማዳሟ የማትሰማውን እኛ እንሰማለን ማለት ነው። መጨረሻው ሞት ነው። ስለዚህ ልቧ የከበዳት እኅት ብቻዋን እንድታየው አልመክርም፤ ከሰው ጋር እዩት። ልባችሁ የከበደባችሁ ካላችሁም ዛሬ ለአንዳችን ሳትነግሩን አትሂዱ።

አሁን ወደ ስልካችን ልምጣ። አንዲት እኅት «ፎቶዬን ለእናቴ ስልክ፣ ፊትሽ ለምን ጠቆረ፣ ታመሻል ወይ አለችኝ» ብላ ነገረችኝ። ፊቷ ምንም አልሆነም። ስልክ ፍሬሙ ውስጥ ያለውን ብርሃን ሁሉ በአንድ ላይ ይለካል። ከኋላችሁ ነጭ ግድግዳ ወይም መስኮት ካለ «ብርሃን በዛ» ብሎ ሁሉን ያጨልማል፤ ፊታችሁ አብሮ ይጨልማል። ድሮም እንዲሁ ነበር። የኮዳክ ፎቶ በሚታተምበት ቤት ቀለሙ የሚስተካከለው «ሸርሊ ካርድ» በሚባል የነጭ ሴት ፎቶ ነበር። ለጥቁር ፊት ማንም አልለካም። ጉድለቱ የመለኪያው እንጂ የፊታችን አይደለም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። መስኮቱን ከኋላችሁ አታድርጉ፤ ወደ እሱ ዙሩና ትንሽ ጎን ስጡት። ፊታችሁ ያለበትን ቦታ በጣታችሁ ንኩት፤ ስልኩ ለፊታችሁ ይለካል። ውጭ ከሆናችሁ የቀትሩን ፀሐይ ተዉት፤ ዓይናችሁ ሥር ጥላ ይጥላል። አመሻሽ ላይ፣ ኮርኒሽም ሆነ አል ዓይን ተምሮቹ ሥር፣ ብርሃኑ ለስላሳ ነው። ስልኩንም በዓይን ልክ ያዙት። ባለርስቱ እንደሚያየው ከላይ ወደ ታች አይሁን።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በዚህ አገር ሰውን ያለ ፈቃዱ ቀርጾ ማሰራጨት ወንጀል ነው፤ በ2021 የወጣው የሳይበር ሕግ፣ ቁጥር 34፣ በግልጽ ይከለክለዋል። የአሠሪዎቻችሁን ልጆች፣ እንግዶች፣ የቤቱን ውስጥ ቲክቶክ ላይ አታውጡ። ለአንድ ቪዲዮ ብላችሁ እስር ቤት አትግቡ። የምትቀርጹት የራሳችሁን ፊት ይሁን።

እናቶቻችን ፎቶውን የሚፈልጉት ከጀርባችን ያለውን ፎቅ ሊያዩ አይደለም። ዓይናችንን አይተው ደኅና መሆናችንን ሊያውቁ ነው።

ንግግሬ እዚህ ላይ ያብቃ። ስልካችሁን ይዛችሁ እዚያ መስኮት ጋ ኑ፤ እያንዳንዳችሁን ላንሳ። ከኋላ ቡና የምታፈሉት እኅቶች፣ እናንተ ቅደሙ።