ከሰማይ የወረደው ድንጋይና የሀገር ቤቱ ጥቁር ድንጋይ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ፣ ኦክላንድ የቀረበ ንግግር)



እኔ ነርስ ነኝ፤ የድንጋይ ባለሙያ አይደለሁም። ለሀገር ቤቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለምንልከው የላብራቶሪ ዕቃ ተናገሪ ስባል ግን እዚሁ አካባቢያችን ከወደቀ ድንጋይ መነሣትን መረጥኩ።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 17 ቀን 2012 ምሽት በቤይ ኤሪያ ሰማይ ላይ ደማቅ የእሳት ኳስ ታየ። የሴቲ ኢንስቲትዩት ተመራማሪው ዶክተር ፒተር ጄኒስከንስ ከካሜራ ምስሎች ተነሥተው ስብርባሪው ሊወድቅ የሚችልበትን አካባቢ አስልተው ለሕዝብ አሳወቁ። ከኦክላንድ በስተሰሜን ባለችው ኖቫቶ ከተማ የአንድ ቤት ጣሪያ መትቶ የወደቀ፣ 63 ግራም ገደማ የሚመዝን ድንጋይ ተገኘ።

ይህ ድንጋይ ኮንድራይት ከሚባለው ወገን ነው። ከውጭ አየር ላይ ሲነድ የቀለጠ ስስ ጥቁር ቅርፊት አለው። ውስጡ ግራጫ ነው፤ ኦሊቪንና ፓይሮክሲን የተባሉ ማዕድናት ይበዙበታል። በመካከላቸው የብረትና የኒኬል ፍንጣቂዎች ያብለጨልጫሉ። ኮንድራይት ስሙን ያገኘው የጤፍ ፍሬ ከሚያህሉ ክብ ጠብታዎች ነው፤ እነሱም ከ4.5 ቢሊዮን ዓመት በፊት የተፈጠሩ ናቸው። የኖቫቶው ድንጋይ ግን በእናት አካሉ ውስጥ ሳለ በኃይለኛ ሙቀት ስለበሰለ የጠብታዎቹ ጠርዝ ደብዝዟል። በውስጡ ያሉት ጥቋቁር ሥሮች ደግሞ ጠፈር ላይ የደረሰበትን ግጭት ያሳያሉ። ሐኪም ጠባሳ አይቶ የቆየ ቁስልን እንደሚያውቅ ማለት ነው።

አሁን ወደ ቀያችን እንመለስ። የደጋው ጥቁር ድንጋይ አብዛኛው ባዛልት ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ የፈሰሰ። እሱም ጥቁር ነው፣ ከባድ ነው፣ ማግኔትም ሊስብ ይችላል። ስለዚህ ማግኔት ብቻውን አይፈርድም። ባዛልት ብዙ ጊዜ የጋዝ ቀዳዳዎች አሉት፤ ከሰማይ በመጣ ድንጋይ ላይ ግን እንዲህ ያለ ቀዳዳ ከስንት አንዴ ነው የሚታየው። ጥግ ላይ በሞረድ ትንሽ ሲሞረድ ኮንድራይቱ የብረት ፍንጣቂ ያሳያል፤ ባዛልቱ አያሳይም። በሚዛንና በውኃ ሲለካ ደግሞ የኮንድራይት አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ 3.3 ግራም ገደማ ሲመዝን ባዛልት ወደ 3 ግራም ይጠጋል።

ይህን ሁሉ ለማወቅ ማጉያ መነጽር፣ ማግኔት፣ ሞረድ፣ ሚዛንና ምልክት ያለበት የመስታወት ዕቃ ይበቃል። ልጆቻችን የማዕድናትን ስም ለፈተና ሸምድደው ከሚረሱ፣ በየማሳው ዳር ያለውን ድንጋይ አንሥተው ራሳቸው ቢመረምሩ ይሻላል። «ከሰማይ የወረደ ነው፣ ግዙኝ» የሚል ሰው ቢመጣም ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት «ቆይ፣ እንየው» የሚል ተማሪ በየቤቱ ይኖራል።

ስለዚህ አንድ ቤተሰብ አንድ ሙሉ የዕቃ ስብስብ እንዲሸፍን እጠይቃለሁ። የሳን ሆዜዎቹም የኦክላንዶቹም፣ ከአዳራሹ ሳትወጡ ስማችሁን አስመዝግቡ።