በርሜሉን መክደን ባልንጀራን መጠበቅ ነው
(በድሬዳዋ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የወባ ነገር ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስበው ረግረጉን፣ የወንዙን ዳርና የክረምቱን መውጫ ነው። ይህ ለብዙው የሀገራችን ክፍል ዛሬም እውነት ነው፤ ለድሬዳዋ ግን አይበቃም። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2022 በዚህች ከተማ በደረቁ ወራት ወባ ተቀስቅሶ፣ በዓመቱ የመጀመሪያ አምስት ወራት ብቻ ከ2,400 በላይ ሰዎች ታመሙ።

ነገሩ የመጣው ከባሕሩ ጠረፍ በኩል ነው። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ ቀድሞ በእስያ ከተሞች ትታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ ታየች፤ በ2016 በሀገራችን በቀብሪ ደሐር ተገኘች። በ2012 ጅቡቲ የመዘገበችው የወባ ሕሙማን ቁጥር 27 ብቻ ነበር፤ በ2020 ግን ከ73 ሺህ አልፏል። ለዚህ መባባስ ከሚጠቀሱት ዐበይት ምክንያቶች አንዷ ይህችው ትንኝ ናት። ከዚያ ወደብ ጋር በባቡርና በመኪና መንገድ የተሳሰረችው ከተማችንም ከችግሩ አላመለጠችም።

ይህች ትንኝ ረግረግ አትፈልግም። የምትራባው በበርሜል፣ በሮቶ፣ በሲሚንቶ ገንዳና ለግንባታ በተጠራቀመ ውኃ ውስጥ ነው። አብራት ኤዴስ የምትባለው ሌላዋ ትንኝ በዚያው ዕቃና በተጣለ ጎማ ውስጥ ትፈለፈላለች። ኤዴስ የምትነድፈው በቀን ነው። በ2013 ደንጊን፣ በ2019 ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የከተማችንን ነዋሪዎች ያሳመመውን ቺኩንጉንያን ያሰራጨችው እርሷ ናት። ስለዚህ አጎበር አስፈላጊ መሆኑ ባይቀርም ብቻውን አይጠብቀንም።

እዚህ ላይ አንድ እውነት እንናገር። እናቶቻችን ውኃ የሚያጠራቅሙት ቧንቧው በየቀኑ ስለማይመጣ ነው። ተራ ጠብቃ በርሜሏን የሞላችን እናት «ድፊው» ማለት ምክር አይሆንም። ስለዚህ የምንለው ውኃውን ጠብቁት፣ ትንኟን ከልክሏት ነው።

አንደኛ፣ ክዳኑ ቀዳዳ የሌለው ይሁን። ክዳን ከሌለ ቀዳዳው ደቃቅ የሆነ መረብ ወይም ንጹሕ ጨርቅ በአፉ ላይ ተወጥሮ በገመድ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰር። ትንኝ በጠባብ ክፍተትም ትገባለች።

ሁለተኛ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ በርሜሉ ይፈተግ። በሙቀት ጊዜ ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ያለው ዕድገት አንድ ሳምንት ገደማ ብቻ ሊፈጅ ስለሚችል፣ ሳምንቱን ካሳለፍን ትቀድመናለች። ቀዳሚት ሰንበት ከመግባቷ በፊት ዓርብን ብንመርጥ አንረሳውም። የቀረውን ውኃ በንጹሕ ጨርቅ እያጠለልን ወደ ጀሪካን እንገልብጥ፤ ውኃው አይባክንም። ከዚያ የበርሜሉን ግድግዳ በብሩሽ እንፈትገው። የኤዴስ እንቁላል ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ለወራት ያለ ውኃ ሊቆይ ስለሚችል መድፋት ብቻ አይበቃም። እጣቢው በደረቅ መሬት ላይ ይፍሰስ።

ሦስተኛ፣ አሮጌ ጎማ፣ ጣሳና የተሰበረ ባልዲ ከግቢ ይውጣ፤ ወይም ዝናብ በማይነካው ቦታ ይቀመጥ።

ወጣቶች ሆይ፣ ባትሪ ይዛችሁ በርሜሉን እዩ። በውኃው ገጽ ላይ አግድም የተኛው እጭ የወባዋ ትንኝ ነው፤ ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ የተንጠለጠለው የኤዴስ ነው። አረጋውያንና ሕሙማን በርሜል መፈተግ ስለማይችሉ የእነርሱ ግቢ የእናንተ ድርሻ ይሁን።

ሥራው ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይጀምር። የጸበል ማጠራቀሚያው፣ የግንባታው ገንዳና የመቃብሩ ቦታ የአበባ ማስቀመጫ ሁሉ ይታዩ። ምእመናን በደጀ ሰላሙ ያዩትን በቤታቸው ይፈጽማሉ።

ትኩሳት የያዘው ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር። ደንጊ ከሆነ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን የደም መፍሰስን ያባብሳሉና ከምርመራ በፊት አይወሰዱ። ጸበልና ሕክምና አይጋጩም፤ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ናቸው። አባቶች ካህናትም ይህን ለንስሐ ልጆቻችሁ ብትነግሩ ከእኛ ይልቅ እናንተን ይሰማሉ።

ትንኝ አጥር አታውቅም። ዘጠኝ ቤት ከድኖ አሥረኛው ክፍት ቢቀር፣ ከአሥረኛው የወጣችው የዘጠኙን ሕፃናት ትነድፋለች። ስለዚህ በርሜላችንን ስንከድን የምንጠብቀው ስሙን የማናውቀውን ጎረቤታችንን ጭምር ነው። ባልንጀራን መውደድ በቃል ብቻ የሚፈጸም ትእዛዝ አይደለምና፣ በዚህ ሳምንት ዓርብ በየቤታችን እንጀምረው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።