ጥቁሩ ፕላስቲክ ለምን ይነጣል?

(በማኅበራችን መደበኛ ስብሰባ ላይ በላቫጆ ሥራ በተሰማራች አባል የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ትንሽ ነገር ነው፤ ነገር ግን እንጀራችን አለበት። በቆየ መኪና ላይ ቀለም ያልተቀባው ጥቁር ፕላስቲክ፣ ፓራውልቱም ሆነ የስፖኪዮው ሽፋን፣ ውሎ አድሮ አመድ ይመስላል። ባለመኪናው ቆሻሻ ነው ብሎ "ደህና አድርጋችሁ እጠቡልኝ" ይለናል። ቢታጠብ ግን አይለቅም። የፀሐይ ጨረር የፕላስቲኩን የላይኛውን ስስ ገጽ ሰባብሮታል፤ የሻከረ ገጽ ደግሞ ብርሃን ስለሚበትን ነጣ ብሎ ይታያል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ይህ ጨረር ከቆላው ይልቅ ይበረታባታል።

በብዙ ቦታ የተለመደው መፍትሔ ናፍጣ ወይም የተቃጠለ ዘይት መቀባት ነው። ለጊዜው ያብለጨልጫል። ግን አቧራ ይሰበስባል፣ ዝናብ ሲመታው ይለቃል፣ የበሩን ጎማም ያሳብጠዋል። ከሁሉ በላይ ቀኑን ሙሉ በባዶ እጃችን የምንነካው እኛው ነን፤ የተቃጠለ ዘይት ደግሞ ለቆዳ ጎጂ ነው። በእሳት ማሞቅም ጥቁረቱን ለጊዜው ይመልሳል እንጂ አያዘልቅም፤ ትንሽ ከበዛ ፕላስቲኩ ይጣመማል።

እንግዲህ ደህናው አሠራር እንዲህ ነው። መኪናው ጥላ ሥር ይቁምና ፕላስቲኩ ይቀዝቅዝ። በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ስንጥቃጥቁ ሳይቀር ይታጠብ። የቀድሞ ቅባት ካለበት በውኃ የቀጠነ አልኮል በጨርቅ አድርጎ ማንሳት ነው። ከዚያ ፈጽሞ ይድረቅ፤ እርጥብ ላይ የተቀባ አይዝም። በዙሪያው ያለውን ቀለም በወረቀት ፕላስተር ሸፍነን፣ ለውጭ ፕላስቲክ የተሠራውን ማደሻ መጀመሪያ በማይታይ ጥግ እንሞክረው። ደህና ከሆነ በስሱ ቀብተን የተረፈውን እንጥረግ። መሪና ፔዳል ግን በፍጹም አይቀባም፤ ያንሸራትታል። ለቀለም የሚሆነውን ሰምም ከጥቁሩ ፕላስቲክ እናርቀው፤ ሲደርቅ ነጭ ምልክት ይተዋል።

ማደሻውም ሁሉ አንድ አይደለም። ላይ ላዩን የሚቀመጠው ቅባት በጥቂት እጥበት ይሄዳል። ገጹ ላይ ደርቆ የሚጠነክረው ዋጋው ከፍ ይላል፤ ግን ለወራት ይቆያል። ሁለቱንም ለደንበኛው እንንገረውና ይምረጥ። ከታጠበ በኋላ የሚሠራ ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ ዋጋውም ለብቻው ይሁን። "እንደ አዲስ ይሆናል" አንበል፤ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ በቅባት አይድንም። የነገርነው ልክ ሆኖ ያገኘ ሾፌር ተመልሶ ይመጣል፤ ጓደኛውንም ያመጣል። ወርሃዊ ቁጠባችንን የምንሞላውም በተመላላሽ ደንበኛ ነው።

ለባለመኪናውም የምንመክረው አለን፦ በተቻለ መጠን ጥላ ሥር ያቁም፣ አቧራውን ቶሎ ቶሎ ያስጠርግ፣ ቅባቱ ሳስቶ ውኃ ማንሸራተት ሲያቆም ይመለስ።

ሐሳቤ ይህ ነው፦ ከጋራ ቁጠባችን ጓንትና ደህና ማደሻ በአንድነት እንግዛ፤ ለየብቻ ከመግዛት ይረክስልናል። ደጋፊዎቻችንም ልትረዱን ስታስቡ ከጓንቱ ብትጀምሩልን ደስ ይለናል። ናፍጣው በመኪናው ታንከር ይቅር፤ ከእጃችን ግን ይውጣ።