ያቺን ሳል የወሰዷት ሆን ብለው ነው

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቬፕ ነው። ስለ ሲጋራማ ቤተሰብም ትምህርት ቤትም ነግሮናል። ይሄኛው ግን እስክሪብቶ መስሎ፣ ማንጎ ማንጎ እየሸተተ ዶርም ድረስ ገብቷል።

«ጭስ አይደለም፣ እንፋሎት ነው» ይሏችኋል። እስኪ ካርቶኑን አገላብጡት። 5% ካለ፣ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ 50 ሚሊ ግራም ኒኮቲን አለ ማለት ነው። አንድ ሲጋራ ለሰውነት የሚሰጠው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። 10 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ስትጨርሱ፣ ግማሹ ብቻ ደማችሁ ውስጥ ቢገባ እንኳ ከመቶ ሲጋራ በላይ ሆነ።

ታዲያ ጉሮሮ ለምን አያቃጥልም? እንዳያቃጥል ስለተሠራ ነዋ! ኒኮቲኑን ከቤንዞይክ አሲድ ጋር ሲቀላቅሉት ይለሰልሳል። ሲጋራ የሞከረ ሰው የመጀመሪያ ቀን ያስለዋል፤ ያ ሳል «ተው» የሚል የራሱ ሰውነት ነበር። ቬፕ ያቺን ሳል ነው ያጠፋት። አእምሮ ደግሞ እስከ 25 ዓመት ገደማ ገና እየተገነባ ነው፤ በዚህ ዕድሜ የገባ ሱስ ሥር ይሰዳል። ፈተና ላይ ተቀምጦ እጁ ኪሱን የሚዳብስ ልጅ አላያችሁም?

ገንዘቡንም እንይ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገ ጥናት ከመቶ አዋቂ ኢትዮጵያዊ ትምባሆ የሚጠቀመው 5 ያህሉ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። በዚያው ዓመት የጃፓን ትምባሆ ኩባንያ የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2017 ደግሞ ወደ 71 በመቶ ገደማ አሳደገው። ቬፑን እሱ አስገባው እያልኩ አይደለም። ግን ይህን ያህል ዶላር የሚያወጣ ነጋዴ የሚያየው አምስቱን ነው ወይስ ገና ያልጀመሩትን ዘጠና አምስቱን? እናንተን ነው የሚያየው።

ሕጋችን እዚህ ላይ ግልጽ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራም ሺሻም መሸጥ ክልክል ነው። ከባንኮኒ ሥር የሚወጣላችሁ ዕቃ ኮንትሮባንድ ነው፣ ውስጡን የመረመረ የለም።

ለማቆም የሚታገል ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ይከብዱታል። ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ትምህርት አልገባ ይለዋል። በሳምንታት ውስጥ ይቀለዋል። በእነዚያ ቀናት አትሽሹት፣ አታሹፉበትም። ኳስ ጥሩት፣ አብራችሁ አጥኑ፤ እሱ ፊት ደግሞ እባካችሁ አታውጡት።