ግጥማችንን በስማችን እንላክ



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ግጥም ነው። ስለ አገጣጠሙ አይደለም፤ እሱንማ እናንተ ለእኛ ታስተምሩናላችሁ። የምንነጋገረው ግጥምን ጽፎ ወደ መጽሔት ስለ መላክ ነው። መጽሔት ማለት በየጊዜው እየተዘጋጀ የሚወጣ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉን መርጦ የሚያወጣው ሰው አዘጋጅ ይባላል።

በመጀመሪያ አንድ ጥፋታችንን እንናገር። አንድ አባት ስለ ቡሬ ገበያ የገጠሙትን ነገሩን፤ እኛ ተማሪዎችም ጻፍነው። እንዲህ የሚል ነበር፦

ቀልቶልኝ በርበሬ ቢባልልኝ ሸጋ፣
ነጋዴ ጨፍኖ ነው የሚጠራው ዋጋ።

እኛ ግን «ሸጋ የገጠር ቃል ነው» ብለን «ቆንጆ» በሚለው ለወጥነው። ሳናስነብባቸውም ላክነው። ግጥሙ ታትሞ ሲመጣ አባታችን ፊደል ለይተው ነበርና ራሳቸው አነበቡት። ጥቂት ዝም አሉና «ይኸ የእኔ አይደለም» አሉን። እውነታቸውን ነው። «ሸጋ» ከ«ዋጋ» ጋር ቤት ይመታል፤ «ቆንጆ» ግን አይመታም። ይባስ ብሎ፣ በደብዳቤው ላይ የጻፍነው የእኛን ስም ብቻ ስለ ነበር፣ ከግጥሙ ሥር የወጣውም የእኛው ስም ነበር። በጣም አፈርን።

ከዚህ ምን እንማራለን? በአፍ ብቻ ያለ ግጥም ባለቤቱን ቶሎ ያጣል። በወፍጮ ላይ፣ በደቦ፣ በሠርግና በለቅሶ ስንት ግጥም ይባላል! ሰው ሁሉ ይቀባበለዋል። «ማን ገጠመው?» ሲባል ግን መልስ የለም።

የገበሬ ግጥም ባሕር ተሻግሮ ያውቃል። በ1989 ዓ. ም. በአማራ ክልል መሬት ሲደለደል የምሥራቅ ጎጃም ገበሬዎች ስለ ድልድሉ ገጥመዋል። ጌቴ ገላዬ የተባሉ ተመራማሪ ግጥሞቹን ሰብስበው አጠኑ። ጥናታቸውም በ1999 እ. ኤ. አ. በአሜሪካ በሚታተም መጽሔት ወጣ። ለእሳቸው ምስጋና ይገባል። ያን ጊዜ ግን ግጥሙን ጽፎ የላከው ሌላ ሰው ነው። ዛሬ እናንተ ራሳችሁ መጻፍ ትችላላችሁ።

ሕጉም ይረዳናል። በ1996 ዓ. ም. የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ወጥቷል። በዚህ አዋጅ መሠረት ግጥም የራስ ፈጠራ ከሆነና ከተጻፈ ወይም ከተቀረጸ ጥበቃ አለው። ገጣሚው ስሙ እንዲጠራለት፣ ሥራውም እንዳይበላሽበት መጠየቅ ይችላል። ከግጥሙ የሚገኘው ጥቅም ገጣሚው በሕይወት ሳለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። አያችሁ? ዋናው መጻፉ ነው።

እንግዲህ ግጥም እንዴት ነው የሚላከው?

አንደኛ፣ የራስን ብቻ መላክ ነው። የቅኔ ቤት ተማሪ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል እንጂ የሌላውን የእኔ ነው አይልም። እናንተም እንደዚያው።

ሁለተኛ፣ በጥሩ ጽሕፈት መገልበጥ ነው። እያንዳንዱ ስንኝ በየመስመሩ ይጻፋል። ከሥሩ የገጣሚው ስም፣ ቀበሌውና ቀኑ ይጻፋል።

ሦስተኛ፣ አንድ ቅጂ ቤት ማስቀረት ነው። የተላከው ቢጠፋ የቀረው ይመሰክራል።

አራተኛ፣ ለገበያ ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ቡሬ ስትሄዱ ፖስታ ቤት ማድረስ ነው። ዛሬ በወረቀት ሳይታተሙ በእጅ ስልክ የሚነበቡ የግጥም መጽሔቶችም አሉ። ለእነሱ በስልክ ይላካል። ልጆቻችሁ በስልክ ቢጽፉላችሁም፣ ከመላኩ በፊት ራሳችሁ አንብቡት።

አምስተኛ፣ «ቃል የምትለውጡ ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁኝ» ብሎ በደብዳቤው መጻፍ ነው። እርማት ክፉ አይደለም። የቅኔ መምህርም ያርማል፤ ነገር ግን ተማሪው ፊቱ ሆኖ እየሰማ ነው።

ግጥማችሁ ሳይወጣ ቢቀር አትዘኑ። አዘጋጁ ዘንድ ብዙ ግጥም ይደርሳል፤ ቦታው ጥቂት ነው። አንድ ዓመት ዝናም ቀረ ተብሎ እርሻ አይተውም።

እኒያ አባትስ ምን አደረጉ? «ሸጋ»ን ወደ ቦታው መለሱ። ግጥሙን በራሳቸው እጅ ገለበጡ፣ ስማቸውን ከሥሩ ጻፉና ላኩት። መልሱን ገና እየጠበቅን ነው። የእኛ ሥራ ፖስታውን ማድረስ ብቻ ነበር።

እናንተም ጻፉ! በስማችሁም ላኩ!

ጥያቄዎች
1. «ሸጋ» በ«ቆንጆ» ሲለወጥ ግጥሙ ምን ሆነ?
2. ቅጂ ማስቀረት ለምን ይጠቅማል?
3. ራሳችሁ የገጠማችሁትን ሁለት ስንኝ ጻፉ። ስማችሁን ከሥሩ አትርሱ።