የበጋ ጉዞ ወደ ጉና ተራራና ወደ ዋንዛዬ ፍል ውሃ



ክረምት የሚባለው ወራት ለእኛና ለአውሮፓውያን አንድ አይደለም። እነርሱ በታኅሣሥና በጥር በረዶ ሲወርድባቸው ክረምት ይሉታል፤ በእኛ አገር ግን በዚያው ወራት ሰማዩ የጠራ፥ እህሉ በየአውድማው የተከመረ፥ ወንዙ በእግር የሚሻገሩት ነው። እንግዲህ የዓመት ፈቃዱን በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ አገር ሊያሳልፍ ያሰበ የመንግሥት ሠራተኛ፥ ፈቃዱን ለሐምሌ ሳያቆይ በበጋ ቢወስድ ይበጀዋል። በሐምሌ ጭቃው መኪናውን ይይዝበታል፤ ጉሙም የመጣበትን አገር ይሸፍንበታል።

ጉዞው የአራት ቀን ያህል ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በወረታ በኩል ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል። ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ ሲታለፍ በስተቀኝ የሚታየው ትልቅ ተራራ ጉና ነው። ከፍታው ከ4,100 ሜትር ይበልጣል፤ ከ10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳት ሲተፋ የነበረ፥ ዛሬ ግን የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። መኪናውን ትቶ በእግሩ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የገብስና የድንች ማሳ፥ ቀጥሎ አስታ፥ ከዚያ በላይ ጓሳና ጅብራ ያገኛል። የሚያስቸግረው አቀበቱ ሳይሆን የአየሩ መሳሳት ነው። ዓመቱን ሙሉ በወንበር ላይ የከረመ ሰው ቀስ ብሎ ይውጣ፤ ራሱን ቢያመውና ቢያቅለሸልሸው ያለ እፍረት ይውረድ። ሌሊት ውርጭ አለና ጋቢ ብቻውን አይበቃም።

ስለ ጉና አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልወድም። ርብና ጉማራ ከዚህ ተራራ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ፤ በምሥራቅ በኩል የሚፈሰውም ወደ ተከዜና ወደ በሽሎ ነው። ይህን ውሃ የሚያቆየው ጓሳውና አስታው ሲሆን፥ መሬት የጠበበው ገበሬ ማረሻውን ከዓመት ወደ ዓመት ሽቅብ እየገፋ ሁለቱንም አመንምኗቸዋል። በገበሬው መፍረድ ቀላል ነው፤ ልጆቹን የሚያበላበት ሌላ መሬት ግን አላሳየነውም። ቢያንስ እናንተ እንግዶቹ ለማታ እሳት ብላችሁ አስታ አታስቆርጡ፤ ከሰል ከከተማ ይዛችሁ ውጡ።

ከጉና በኋላ መንገዱ ወደ ንፋስ መውጫ፥ ከዚያም ወደ ጨጨሆ ይዘልቃል። በደርግ ዘመን በቻይናውያን ርዳታ የተሠራው የወረታና የወልዲያ መንገድ ነው። ከጨጨሆ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው የዐፄ ቴዎድሮስ ሥራ በዓይነ ኅሊናው ይታየዋል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፥ በጋፋት ያሠሩትንና ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፥ መንገዱን እያስጠረጉ በዚህ አለፉ። ድንጋዩን ራሳቸውም ያነሡ ነበር። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው፤ ዛሬ በመኪና በሰዓት የሚቆጠረውን አገር ለመሻገር ወራት ፈጀባቸው። መኪናችሁን አቁማችሁ ጥቂት ኪሎ ሜትር በእግራችሁ ብትሄዱበት የዚያ ድካም መጠን ይገባችኋል።

ስማዳ ወደ አባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ የሚያዘነብል ነው፤ ጊዜ ያለው ሰው በአንድ ቀን ከውርጭ ወደ ቆላ ይወርድበታል። የአራት ቀን መንገደኛ ግን ወደ ደብረ ታቦር ተመልሶ በእስቴ ከተማ በመካነ ኢየሱስ በኩል ወደ ደራ ይለፍ። የዋንዛዬ ፍል ውሃ በደራ፥ ያው ከጉና የወረደው ጉማራ በሚያልፍበት አካባቢ ይገኛል። የተራራው ድካም የሚወጣለት እዚህ ነው። የአዲስ አበባ ሰው፥ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ቤት ያሠሩበትን የፊንፊኔን ፍል ውሃ ስለሚያውቅ፥ እዚያ ያለውን ክፍልና ምቾት እዚህ አይጠብቅ። ብዙው የሚመጣው ቁርጥማትና የቆዳ ሕመም ያለበት የአገሩ ሰው ነውና፥ ተራውን ለእርሱ መልቀቅ ጨዋነት ነው።

ሙቅ ውሃ የደከመ ጡንቻን ያፍታታል፤ የመገጣጠሚያ ሕመምንም ለጊዜው ያስታግሣል። ነገር ግን የደም ግፊትን፥ የስኳርን ወይም የሳንባ ነቀርሳን መድኃኒት «ውሃው ይበቃኛል» ብሎ ማቋረጥ ነፍስን ያስከፍላል። የልብ ሕመምተኛና ነፍሰ ጡር ሐኪም ሳይጠይቁ አይግቡ፤ ጤነኛውም ቢሆን ከሩብ ሰዓት በላይ አይቆይ፥ ሲወጣም ቀስ ብሎ ይነሣ፥ ውሃም ይጠጣ።

ደግሞም በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግጭት ስለ ተነሣ፥ የመንገዱን ደኅንነት ከአገሩ ሰው ሳያጣሩ መነሣት አይገባም። መንገዱ ሰላም ካልሆነ ፈቃዱን ወደ ሌላ በጋ ማዛወር ይሻላል፤ ቢሆንላችሁ ግን ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ሂዱ፥ ሰማዩ ያን ጊዜ ጥርት ያለ ነው።