ከሚዛን እስከ ፋይል፦ የልደት ክብደትና የልጆች ዕድገት ጥናት መረጃ አያያዝ



ስለ ልደት ክብደት ጥናት ሲነሣ ጎልቶ የሚሰማው ውጤቱ ነው። ከ2500 ግራም በታች የተወለደ ሕፃን ዕድገቱ እንዴት ይሆናል? ትምህርት ላይስ? እኔ ዛሬ የምናገረው ከውጤቱ በፊት ስላለው፣ ስም ስለማያስጠራው ሥራ ነው፤ ስለ መዝገቡ።

እ.ኤ.አ. ከ1911 ጀምሮ በእንግሊዝ ሀርትፎርድሻየር ኤተል ማርጋሬት በርንሳይድ የሚባሉ የጤና ኃላፊ አዋላጆች እያንዳንዱን ሕፃን እንዲመዝኑ፣ የጤና ጎብኚዎችም ቤት ለቤት እየዞሩ አመጋገቡንና ዓመት ሲሞላው ያለውን ክብደት እንዲጽፉ አደረጉ። ደብተሮቹ እስከ 1948 ድረስ ተሞሉ። በ1989 ዴቪድ ባርከርና ባልደረቦቻቸው ከእነዚህ ደብተሮች ተነሥተው፣ ከ1911 እስከ 1930 የተወለዱ 5654 ወንዶችን መጨረሻ ተከታትለው አሳተሙ፤ በልደታቸውና በአንድ ዓመታቸው ክብደታቸው ያነሰው በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። የዛሬው ስለ ማህፀን ዘመንና ስለ ኋላ ጤና የሚደረገው ክርክር በአብዛኛው የተቀሰቀሰው ከዚያ ነው። በዚያ ጥናት ሴቶቹ የት ሄዱ? ሲያገቡ ስማቸው ስለሚለወጥ ተከታትሎ ማግኘቱ አስቸጋሪ ነበር። ግማሹ ትውልድ ከመጀመሪያው ጥናት የቀረው በስም ምክንያት ነው።

የእኛ የኢትዮጵያውያን ሴቶች ሲያገቡ ስማቸውን አይለውጡም። የእኛ ችግር ግን ቀደም ብሎ፣ ከማዋለጃ ክፍሉ ይጀምራል፦ ሕፃኑ ገና ስም የለውም። መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው የእናቱ ስም ነው። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ክርስትና ሲነሡ አንድ ስም ይወጣል፤ ቤት ውስጥ የሚጠሩበት ሌላ ነው፤ ትምህርት ቤት ሲገቡ ሦስተኛ ሊመጣ ይችላል። በላቲን ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ደግሞ ያው አንዱ ስም እንደ ጸሐፊው ሦስት አራት ዓይነት ይሆናል። መንታ ከሆኑማ «የእገሊት ልጅ» የሚለው ሁለት ነው። ስለዚህ ከሰባት ዓመት በኋላ የትምህርት አቀባበሉን የምንለካው ልጅ ያ 2300 ግራም ሆኖ የተወለደው መሆኑን በስም ማረጋገጥ አይቻልም። መለያ ቁጥሩ ሕፃኑ በተመዘነበት ሰዓት መሰጠት፣ በእናቲቱ እጅ ባለው የክትባት ካርድ ላይም መጻፍ አለበት።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንቅረብ። አዋላጇ ደክሟታል፤ ሁለተኛዋ እናት እያማጠች ነው። ሚዛኑ 2460 ያሳያል፤ እሷ 2500 ብላ ትጽፋለች። አርባ ግራም ምን አላት ትሉ ይሆናል። ዝቅተኛ የልደት ክብደት የሚባለው ከ2500 በታች ስለሆነ፣ ያቺ አርባ ግራም ሕፃኑን ከአንዱ ምድብ አውጥታ ወደ ሌላው አስገባችው። በብዙ አገር መረጃ ውስጥ 2500 እና 3000 ላይ ከተፈጥሮ ውጭ የሆነ ክምር የሚታየው ለዚህ ነው። ማዋለጃ ክፍል የሰው እጥረት ባለበት አዋላጇን መውቀስ ከንቱ ነው፤ ቅጹ እስከ አስር ግራም የሚያስጽፍ፣ ተቆጣጣሪውም በየሳምንቱ ክምሩን የሚያይ መሆን አለበት። የተመዘነበት ሰዓትም ይጻፍ፤ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት ስለሚቀንስ፣ በሦስተኛው ቀን የተመዘነው የልደት ክብደት አይባልም። የእርግዝናው ሳምንትም አብሮ ካልተያዘ፣ ያለ ጊዜው የተወለደውንና ጊዜውን ጨርሶ ማህፀን ውስጥ ዕድገቱ የተገታውን አንድ ላይ አጉረን ስለ ሁለቱ አንድ ፍርድ እንሰጣለን።

ቀኑ ሌላ ጣጣ አለው። ጳጉሜን 3 ቀን 2011 የተወለደን ልጅ ሶፍትዌሩ አስራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ አልቀበልም ይላል። ጸሐፊው ቸኩሎ መስከረም ያደርገዋል፣ ወይም ወሩን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለውጦ ዓመተ ምሕረቱን ሳይቀይር ይተወዋል፤ ልጁ በአንድ ቁልፍ ስምንት ዓመት አረጀ። የዚህን ያህል የጎላው ስሕተት ይታያል፤ የሚያስፈራኝ የማይታየው የአንድ ወር ስሕተት ነው። የአስራ ሁለት ወር ሕፃን ቆሞ መሄዱንና ቃል ማውጣቱን ስንለካ አንድ ወር ብዙ ነው። ቀኑ እናቲቱ እንደተናገረችው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በራሱ ዓምድ ይቀመጥ፤ ልወጣውን ኮምፒውተሩ በሌላ ዓምድ ይሥራው። የመጀመሪያው ጽሑፍ አይነካም፤ እርማት ቢያስፈልግ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳረመው ተጽፎ ጎኑ ይሰፍራል።

እስካሁን ያልነው ስለ ተመዘኑት ነው፤ ያልተመዘኑትስ? እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት፣ ቀደም ባሉት አምስት ዓመታት ከተወለዱት በጤና ተቋም የተወለዱት ከመቶ 26 ነበሩ። የቀሩት ሚዛን አላዩም ማለት ይቻላል። በዚህ ዓይነት ዳሰሳዎች ፋይል ውስጥ ያልተመዘነ ሕፃን 9996፣ ክብደቱ የማይታወቅ 9998 ተብሎ ይመዘገባል። መግለጫውን ሳያነብ አማካይ የሚያወጣ ተማሪ አሥር ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው አራስ ያገኛል! ሳቁ ካለፈ በኋላ ቁም ነገሩ ይቀራል፦ የጠፋ መረጃ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የሞተ፣ ቤተሰቡ የለቀቀ፣ እናቱ ጥናቱን የተወችው ለየብቻ መጻፍ አለባቸው። ትንንሾቹ ሕፃናት አብዝተው ስለሚሞቱ፣ በሕይወት የተገኙትን ብቻ የሚቆጥር ጥናት ክብደት ማነስ ጉዳት የለውም ወደሚል ድምዳሜ ሊወስደን ይችላል።

ምስጢር መጠበቁም አይዘንጋ፤ የስሙና የመለያ ቁጥሩ ማገናኛ ዝርዝር ከመረጃው ተለይቶ በቁልፍ ይቀመጥ። አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የግል ዳታ ጥበቃን ሕግ አድርጎታል፤ የእናት የጤና ታሪክ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞርበት ልማድ ከዚህ በኋላ ሰበብ የለውም።

የምርምር ገንዘብ ለምትመድቡና የጥናት ዕቅድ ለምታጸድቁ አንድ ልመና አለኝ። የመረጃ ባለሙያ የሚቀጠረው ቅጹ ሁሉ ተሞልቶ በካርቶን ከተከመረ በኋላ፣ ከተረፈ ብር ነው። እባካችሁ፣ ደመወዙ በበጀቱ ውስጥ ያልተጻፈለትን፣ ባለሙያው የመጀመሪያው ሕፃን ከመመዘኑ በፊት ሥራ የማይጀምርበትን ጥናት አታጽድቁ።